አንድ ጊዜ ከጠራ

ረድፉ ማንም ሳይነካው ከነጭ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። መዝጋቢዋ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር፤ ማውሱን እንዳትነካው ሆን ብላ። ከጀርባዋ የቆሙት ኃላፊውና ሾፌሩ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ።

«ሃያ ሁለት» አለች።

ከከተማው ማዶ አንድ ሰው «ማሽኑ አሁንም ያስፈልግዎታል?» ለሚለው መልእክት በስልኩ «1» ብሎ መልሷል ማለት ነው። ያቺ ቁጥር መጥታ ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ የሰውየውን ረድፍ ፈልጋ አግኝታለች፤ ቀለሙን ቀይራ፣ ቀኑን ጽፋ፣ ለሆስፒታሉ ነርስና ለመጋዘኑ «ማሽኑ አሁንም ሥራ ላይ ነው» ብላ አስታውቃለች። ድሮ ይህ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ዝርዝሩ በኢንተርኔት የጋራ ነው ቢባልም፣ ሦስት ቦታ ያሉ ሰዎች በየፊናቸው ሲጽፉበት፣ አንዱ የሞላውን ሌላው ሲሰርዘው፣ መሥሪያ ቤቱ ለበሽተኞች የሚያውሰው አንድ የኦክስጅን ማሽን በሁለት ቤት ተመዝግቦ ይገኝ ነበር። ፈላጊ ሲመጣ ደግሞ በአንዱም ቤት አይገኝም።

«እትዬ ምናልባት» አለ ሾፌሩ፣ «እንግዲህ ሁላችንም ሳንሠራ አረንጓዴ ልንሆን ነው።»

«አንተማ ድሮም አረንጓዴ ነህ። መብሰል ነው ያቃተህ።»

ኃላፊው ሳቀ። ሾፌሩን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሰበቡ» ይሉታል፤ በዘገየ ቁጥር አዲስ ሰበብ ይዞ ስለሚመጣና አንዱን ሰበብ ሁለት ጊዜ ተጠቅሞ ስለማያውቅ። እሷን ደግሞ ከአፏ በማይጠፋው ቃል ይጠሯታል። ምናልባት ይዘንባል ብላ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ታንጠለጥላለች። ምናልባት ይጠፋብኝ ይሆናል ብላ የቤቷን ቁልፍ በሦስት ጎረቤት አስቀምጣለች።

«አራት ቀሩ» አለ ኃላፊው። «እስከ አሥር ሰዓት ካልመለሱ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘጋቸዋል፤ አይደል?»

«ይዘጋቸዋል። ማሽኖቹ ተመላሽ ተብለው ይጻፋሉ፤ አድራሻቸው ለዚህ ለሾፌራችን ይላካል፤ ተራ ለሚጠብቁት ደግሞ ተራችሁ ደርሷል ይባላሉ።»

«እኛ ምንም ሳንነካ።»

«እኛ ምንም ሳንነካ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

ኩራቷ ያለ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተርን በራሱ እንዲሠራ ማዘዝን ለሚያስተምረው የሦስት ቀን ሥልጠና የሄደችው የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው። ክፍሉን የሞሉት የልጆቿ እኩዮች ነበሩ። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አድርግ» ብሎ ጻፈና ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው አለ። እሷ እጇን አነሳች። «ባይሆንስ?» ብላ ጠየቀች። መለሰላት። «ሁለት ጊዜ ቢሆንስ?» መለሰላት። «ሰውየው ሲጽፍ ቢሳሳትስ?» እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ጥያቄዋ አላለቀም። ሲሰነባበቱ አሠልጣኙ እጇን ጨብጦ፣ ይህ ነገር የተሠራው ለተጠራጣሪ ሰው ነው አላት፤ ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ ለይታ አታውቅም። ብቻ ዕድሜዋን ሙሉ «ይህች ሴት ለምን ዕረፍት የላትም?» ያሰኛት ጭንቀት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ አገኘ። በስድስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ እርምጃ ያለው የሥራ ሰንሰለት ሠራች። አራተኛው እርምጃ አንድ አድራሻ ለሾፌሩ ሁለት ጊዜ እንዳይላክ ይጠብቃል። ሰባተኛው የስልኩ ቁጥር አንድ አሃዝ ቢጎድለው ቆሞ ይጠይቃል። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሌሊት ያላስተኛት የአንድ ሥጋት ልጅ ነው።

ቀትር ላይ ሁለቱ ወንዶች ምሳ ሲወጡ እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም። የሞባይሏ ስክሪን በራ። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ሐኪሟ አሁን ወጣች። ቤት ማሽን ካለ ነገ ትውጣ አለችኝ።»

«ክብደቷ?»

«ሁለት ኪሎ ከሩብ። እማዬ፣ ከጎኗ ያለው ሕፃን ማሳል ጀምሯል። ትናንት አንድ ነበር፣ ዛሬ ሦስት ናቸው።»

«አልጋዋን ወደ መስኮቱ በኩል አስጠጊያት። ሰው ሲመጣ ፊቷ ላይ አያጎንብስ። እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤ ታጥቤ ተላጠ እኮ» አለች ልጇ፤ ትንሽ ስቃ ወዲያው ሳቋ ተቆረጠ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይታወቃል ብለሽኝ ነበር።»

«ይታወቃል።»

«አንደኛ ነን አይደል?»

«አንደኛ ናችሁ» አለች መዝጋቢዋ።

በሰባት ወሯ የተወለደችው የልጅ ልጇ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት በተራ ጠባቂዎቹ ዝርዝር ላይ ስትገባ ዘጠነኛ ነበረች። በአባቷ ስም ነው የተመዘገበችው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። መዝጋቢዋ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሐሜት ፈርታ ብቻ አይደለም። ብትናገር ሰው በይሉኝታ አንድ ተራ ያሻግራታል፣ ያ የተዘለለው ሰው ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ያውቃል ብላ ነው። ሕፃኗ ከዘጠኝ ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አንድ የመጣችው እንደ ማንም ሰው በተራዋ ነው። አያቷ በየማለዳው የዚያን ረድፍ ቁጥር ታያለች፤ እጇን ግን አትሰድም።

ስልኩን ዘግታ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውል ድምፁን ሰማችው። ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ከታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደታፈነች ንብ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ዝም አለ።

አሮጌው የቢሮ ስልክ ነበር፤ የቁልፎቹ ቁጥር ተፍቆ የጠፋ፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ። አዲሱ አሠራር ሲጀመር ኃላፊው «እሱ እንኳ ጡረታ ይውጣ» ብሎ ነበር። እሺ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ድምፁን አጠፋች፤ ኃይል እንዳይጨርስ ግን የቻርጀሩን ገመድ በመሳቢያው ጀርባ አሾልካ ሰካችለት። ምናልባት።

አወጣችው። ሦስት ሚስኮል፣ ከሦስት ቁጥር። የመጀመሪያው ከትናንት በስቲያ፣ መልእክቱ በተላከ በሩብ ሰዓት ውስጥ። ሁለተኛው ትናንት። ሦስተኛው አሁን። ቁጥሮቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ሦስቱም ዝም አሉ ከተባሉት ከአራቱ ቤቶች ናቸው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰኞው በዚህ ስልክ ለየቤቱ ስትደውል ኖራለች፤ አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች። ከዚያ እነሱ ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ከጠራ፣ «አለን፣ ማሽኑ ያስፈልገናል» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከጠራ፣ «ኑና ውሰዱ» ማለት ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የትም አልተጻፈም። በሽተኛ ያቀፈ ሰው ለወሬ ጊዜ የለውም፤ አንዳንዱም ወሬው ይከብደዋል። ሁለት ጊዜ ሲጠራ ለምን ብላ አትጠይቅም ነበር። ድኖም ይሆናል፣ አርፎም ይሆናል። ሾፌሩ በሩ ላይ ሲደርስ ያውቀዋል፤ ሲመለስ ሰበብ ሳያበዛ ዝም ካለ እሷም ታውቀዋለች።

እንግዲህ ሰዎቹ አዲሱ መልእክት ሲደርሳቸው አንብበዋል። ገብቷቸዋልም። እንደ ልማዳቸውም በሚያውቁት ቁጥር መልሰዋል። እሷ የሠራችው ነገር ግን ጆሮውን በሌላ በኩል አድርጎ «1» ይጠብቃል። ስለ ሁሉም ነገር «ባይሆንስ?» ብላ የጠየቀች ሴት፣ በየሰኞው የምታደርገውን አንድ ነገር ሥራ ነው ብላ ስላልቆጠረችው ረሳችው። እንደ ሰላምታ ነበር የምታየው። ሰላምታን ማን እርምጃ ብሎ ይጽፈዋል?

ሦስቱን ረድፎች በእጇ አረንጓዴ አደረገች። አንድ ነጭ ረድፍ ብቻ ቀረ።

የአንድ የሂሳብ መምህር ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሳንባቸው የደከመ ባለቤታቸውን አራት ዓመት አስታመዋል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰኞ አምልጧቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ይጠራሉ። ማሽኑን ፈርመው ሊወስዱ የመጡ ዕለት ሥርዓቱን ስታስረዳቸው በጥሞና አዳምጠው፣ «እስከ ሦስት ቆጥሬ እዘጋለሁ» አሏት። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ሁለተኛውን መደወል ያለብኝ ቀን ከመጣ ግን በመካከሉ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ልቤ እስኪረጋ» አሉ።

ከእሳቸው ግን በአዲሱም በአሮጌውም መንገድ ምንም የለም። ደወለችላቸው። ስልኩ ተዘግቷል።

ስልኩን መሳቢያው ውስጥ መልሳ አስቀመጠችውና መሳቢያውን ዘጋችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከወትሮው ጮክ ብሎ የሚቆጥር መሰላት። አንድ ማሽን፤ አንድ ሕፃን። ሦስቱን አድናለች፤ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። አራተኛውን ደንቡ ይዘጋዋል። ደንቡን ያወጣው ኃላፊው ነው፤ እሷ አንድም ቁልፍ አልነካችም፤ ሕፃኗም ተራዋን አልሰረቀችም። ነገ ጠዋት ልጇ ከዚያ ሳል ከሞላበት ክፍል በፎጣ ጠቅልላት ትወጣለች። ማድረግ ያለባት ነገር ቢኖር እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መቀመጥ ነው፤ ጠዋት እንደተቀመጠችው። ክፉ ነገር እንዲህ ቀላል ሆኖ አይታ አታውቅም። እንዲያውም ክፉ አይመስልም ነበር፤ ያስፈራትም እሱ ነው።

ተነሳች። ስልኩን ከመሳቢያው አውጥታ የኃላፊውን ክፍል አንኳኳች፤ ከምሳ ተመልሶ ወረቀት ያገላብጥ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ከፈገግታ ወደ ድንጋጤ፣ ከድንጋጤ ወደ እፎይታ ሄደ።

«በጊዜው ደረሱበት እኮ። ሦስቱ ተርፈዋል።»

«አራተኛው አልተረፈም።»

«አራተኛው አልመለሰም፣ እትዬ። በምንም በኩል አልመለሰም።» ድምፁን አለሰለሰ። «ይህን ደንብ ያወጣነው ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት አንዱን ማሽን የት አገኘነው?»

«የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ።»

«ሰው ተራ እየጠበቀ፣ ማሽኑ ላይ አበባ። ዝም ያለን ሁሉ ብንጠብቅ ያ ሊመለስ ነው።»

እውነቱን ነው። ክርክሩ ውስጥ ስንጥቅ የለውም፤ እሷም ስንጥቅ አልፈለገችም።

«ተራ የምትጠብቀው አንደኛዋ ሕፃን» አለች፣ «የልጄ ልጅ ናት።»

ኃላፊው ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ልታደርግልኝ? አሁን የምነግርህ፣ ይህን ረድፍ የምዘጋውም የማልዘጋውም እኔ መሆን ስለሌለብኝ ነው። ሰንሰለቱን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ የቱ ጋ ጆሮ እንደሌለው አውቄዋለሁ። ዝም ያለ ሰው ማሽኑን አልፈልግም አላለም። ዝም ያለ ሰው ዝም ነው ያለው። ሄዶ በሩን ማንኳኳት ነው እንጂ ስሙን መሰረዝ አይደለም።»

«ሄደን ማሽኑ ሥራ ላይ ሆኖ ብናገኘውስ? ሕፃኗስ?»

«ትጠብቃለች።»

ይህን ስትል ዓይኗን አልሰበረችም። እሱ ነው የሰበረው።

«ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል?» አለ በመጨረሻ።

«ለሌላ ሰው ሦስት ቀን። ለእኔ አንድ ሰዓት፣ አንተ ካላስወራኸኝ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ዘጠነኛውን እርምጃ ከፈተች፤ «መልስ ከሌለ፣ ዝጋ» ይላል። ራሷ የጻፈችው ነው። አሁን ስታየው ሌላ ሰው የጻፈው መሰላት፤ ችኩል ሰው፣ በር አንኳኩቶ የማያውቅ። ሰረዘችው። በምትኩ «መልስ ከሌለ፣ ሄዶ ማየት» ብላ ጻፈች። ሾፌሩ ሄዶ ያየውን እስኪሞላ ድረስ ረድፉ ወደ የትም እንዳይንቀሳቀስ አሰረችው። ቀጥላ «ጥሪ» የሚባል አዲስ አምድ ከፈተች፤ አሮጌው ስልክ ላይ የመጣው አንድም ይሁን ሁለት እዚያ በእጅ ይሞላል፤ የቀረውን ሰንሰለቱ ያውቀዋል። ቀጥታ ሥራ ላይ አላዋለችውም። በራሷ ስም የውሸት ረድፍ ከፍታ፣ ለራሷ መልእክት ልካ፣ ለራሷ መልስ ሳትሰጥ ጠበቀች። የውሸቱ ረድፍ አልተዘጋም። ቢጫ ሆነና ቆመ፤ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ አበራችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ስክሪኑ ፊት ነበሩ። የመምህሩ ረድፍ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ በዚያው ቅጽበት የሾፌሩ ኪስ ጮኸ። አውጥቶ አነበበ።

«ሄዶ ማየት ይላል። ምኑን ነው የማየው?»

«ሰው መኖሩን። ማሽኑ ሲሠራ ድምፁ ከደጅ ይሰማል። መጀመሪያ አዳምጥ፣ ከዚያ አንኳኳ። ማሽኑን ልወስድ መጣሁ እንዳትል።»

«መንገዱ ዛሬ ተቆፍሯል እኮ፣ እትዬ ምናልባት...»

«ሰበቡ።»

«እሺ፣ እሺ። ሄድኩ።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ከኃላፊው ሰማሁ። የልጅ ልጅዎን።»

«ታዲያ ቶሎ ሂድ» አለችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጇ ደወለች። መዝጋቢዋ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። የሆነውን ሳታሳጥር፣ ሳታሳምርም ነገረቻት። በዚያ በኩል የሕፃናት ለቅሶና የሆነ ብረት ነገር ሲገፋ ይሰማል። የልጇ ድምፅ ግን የለም። ጠበቀች። ዝምታ መልስ አይደለም ብላ ዛሬ ያወጀች ሴት፣ የራሷን ልጅ ዝምታ እንደምን አድርጋ እንደምትሞላው አላወቀችም።

«እማዬ፣ ለማን ብለሽ ነው?» አለች ልጇ በመጨረሻ።

«ገና መልስ ላልሰጠ ሰው።»

«ሚስቱ ሞታ ቢሆንስ? ማሽኑ እንዲያው ቆሞ ቢሆንስ?»

«ከሆነ ዛሬ እናውቃለን።»

ልጇ በረጅሙ ተነፈሰች። «አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቻታለሁ» አለች፤ ሌላ ምንም ሳትል ዘጋችው። መዝጋቢዋ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ወደ ጠረጴዛዋ ተሸክማ ተመለሰች። ቁጣ ይሁን ይቅርታ መለየት አልቻለችም፤ የትኛውም ቢሆን ሕፃኗ መስኮቱ ጋ ናት።

አሮጌውን ስልክ ከኃላፊው ጠረጴዛ አምጥታ፣ ከጡረታ መልሳ ከስክሪኑ አጠገብ አቆመችው። ቢሮው ፀጥ ብሏል። ኃላፊው ክፍሉን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል፤ ወረቀት የሚያገላብጥ አይመስልም። ስክሪኑ ላይ ሃያ አምስት አረንጓዴ፣ አንድ ቢጫ። ከሥር፣ በተራ ጠባቂዎቹ ዝርዝር ላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ነጭ ነው። ሾፌሩ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ይሆናል። ምናልባት።

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

የመምህሩ ቁጥር ነበር። እጇ ሊያነሳው ሄደና በመንገዱ ላይ ቆመ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ተቋረጠ።

ከወገቧ ቀና አለች። «አንድ ጊዜ ነው» አለ ኃላፊው ከበሩ ላይ፤ መቼ እንደመጣ አላየችውም። «ያስፈልገናል ማለት ነው፤ አይደል?»

«ጥሪ» በሚለው አምድ ውስጥ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ መዝጋቢዋ ጣቷን «1» ላይ አሳርፋለች፣ አልተጫነችውም። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። ለማን እንደምትለምን ሳታውቅ፣ ግን ቁጥር ሳትዘልል፣ መምህሩ እንዳሉት በዝግታ ትቆጥር ነበር።

ሃያ ሰባት።

ሃያ ስምንት።

ሃያ ዘጠኝ።